ትኬቱ ጎንደር ላይ ያልቃል

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው ርቀት ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ለለካ ሰው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ለሚሄድ ግን 730 አካባቢ ይሆናል። በመካከሉ ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበላው አገሩ ራሱ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እየተጠማዘዙ ወደ ዓባይ መውረድ፣ መልሶ ወደ ደጀን መውጣት፣ ጮቄን በቀኝ ትቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ ዞሮ ባሕር ዳር መግባት፣ ከዚያ ጣናን በግራ ይዞ በወረታና በአዲስ ዘመን ማለፍ። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ ሲመሽ ይደርሳል፤ ካልቀናው መንገድ ላይ ያድራል። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ይህች አንድ ሰዓትም ብትሆን ስትመረመር የምታስገርም ናት። አየር መንገዱ በአገር ውስጥ መስመር የሚያበርራቸው ኪው 400 የሚባሉት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። በዚህ ሒሳብ ጎንደር የ40 ደቂቃ መንገድ መሆን ነበረባት። የቀረውን ደቂቃ የሚወስደው መሬት ነው። የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ ሌላው ጋ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ስለሆነ፣ ቦሌ ላይ ወደ ማኮብኮቢያው እየተንፏቀቀ ተራ የሚጠብቅበት፣ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣበት፣ አዘዞ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ አቅጣጫ የሚያስተካክልበት ሁሉ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ተሳፋሪው ከቤቱ ወጥቶ፣ ተፈትሾ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ግን አይገባም። ያንን ማንም አይቆጥርለትም።

የኔ መድረሻ ጎንደር አልነበረም። ወደ ደባርቅ ነበር የምሄደው፤ ከጦርነቱ በፊት በነበረ አንድ ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን። ከአዲስ አበባ የተነሳን ሰው «ወዴት ነህ?» ብለው ሲጠይቁት «ሰሜን ተራሮች» ካለ፣ «በአውሮፕላን ከሆነማ አንድ ሰዓት ነው» ይሉታል። ትኬቱ ግን ጎንደር ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በሌላ ሰዓት የሚቆጠር ነው። ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የጎንደር መናኸሪያ የሚሠራው በሐበሻ ሰዓት። አንዱ ጉዞ በሁለት ሰዓት ይሄዳል።

ከላይ ሲታይ አገሩ ገር ነው። ዓባይ በረሃ፣ በአውቶቡስ ሲሆን ጆሮ የሚደፍነው፣ ሹፌሩ ማርሽ እየቀያየረ ፍሬን እየያዘ የሚወርደው፣ ከታች ሙቀቱ ፊት ላይ የሚጋረፈው ያ ገደል፣ ከመስኮት ሲያዩት ጥልቀት የሌለው ቡናማ ሽንትር ነው። ሻይ የሚያድሉት አስተናጋጆች ጋሪያቸውን እየገፉ መካከላችን ሳሉ አለፍነው። የጮቄ ጫፍ በግራ በኩል ደመና ተከናንቦ ታየ፤ ጥቂት ቆይቶ የጣና ውኃ በዚያው በኩል አበራ። ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ባሕር ዳርን ለእናቱ በጣቱ ሊያሳያቸው ይሞክራል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ 420 ኪሎ ሜትርን በትክክለኛ ክብደቱ የያዙት እኚያ ሴት ይመስሉኛል።

አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረድኩ በኋላ ወደ ከተማው ታክሲ፣ ከከተማው ወደ መናኸሪያ ባጃጅ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች «ደባርቅ! ዳባት! ደባርቅ ያለ!» እያሉ ይጠራሉ። ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚወጣው። አውሮፕላን ባይሞላም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፤ ሚኒባስ ሰዓቱ የሚደርሰው ሲሞላ ነው። ጣሪያው ላይ የዘይት ጀሪካን፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ አንድ የብረት አልጋ እየተጫነ ተቀመጥን። እኔ ከአዲስ አበባ እስከ አዘዞ የቆየሁትን ያህል ጊዜ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ፣ ሞተር ሳይነሳ አለፈ። ከፊታችን ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቷ ላይ ትልቅ የወረቀት ፖስታ ይዛለች። ውስጡ የራጅ ፊልም ነው፤ እንዳይታጠፍ ብላ በሁለት እጇ ወጥራ ነው የያዘችው። ባሏን ጎንደር ሆስፒታል አስተኝታ፣ ልጆቿን ጎረቤት ዘንድ ስለተወች ለአንድ ሌሊት ወደ ዳባት እየተመለሰች ነበር። ፊልሙን ለምን ሆስፒታል እንዳልተወችው ጠየቅኋት።

«ወንድሙ ልይ ብሏል» አለችኝ። «ነገ ይዠው እመለሳለሁ።»

ፊልሙ በሁለት ቀን ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ነው ማለት ነው፤ ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለችና። እሷ ግን ኪሎ ሜትር አላነሳችም። ባሏን ይዘው የመጡበትን ሌሊት ስትነግረኝ የቆጠረችው በከተሞቹ ነው፦ ዳባት ላይ መኪና ሲፈልጉ፣ ገደብዬ ሲደርሱ ሲያስመልሰው፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ዝም ሲል፣ ኮሶዬ ላይ ውኃ ሲጠይቅ። ውኃ ሲጠይቅ ተስፋ አደረገች። ከኮሶዬ በኋላ ያለውን አታስታውሰውም። ርቀትና የጉዞ ሰዓት የሚያሰላ ማንኛውም መሣሪያ ለዚያ መንገድ የሚሰጠው ቁጥር ትክክል ነው፤ ለእሷ ግን የሚነግራት ነገር የለውም።

መንገዱ ከጎንደር ወጥቶ ወለቃን እንዳለፈ ሽቅብ ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2850 ገደማ። ሽቅቡ አብዛኛው ያለው በመጀመሪያው ክፍል ስለሆነ፣ ኮሶዬ ጋ ሲደርሱ አየሩ ተለውጦ ያገኙታል። በቀኝም በግራም የነበረው መስኮት ሁሉ ማንም ሳያዝ ተዘጋ። ከዚያ የወገራ ደጋ ይዘረጋል፦ ገብስ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢ የደረበ እረኛ። ሰዎች ከፌስታል ሹራብ ያወጣሉ። አየር በአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀዘቅዝ ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ወገራ ላይ ሰው ይህን የሚያውቀው በጉልበቱ ነው።

ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጎንደር የልጅ ልጃቸውን ሰርግ አይተው ወደ ዳባት የሚመለሱ።

«አባቴ፣ ድሮ ይህን መንገድ በእግር ሄደውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሄጀ? ምን ጠየቅኸኝ ልጄ! ከአባቴ ጋራ እህል ጭነን ስንመላለስ ያደግሁበት ነው እንጂ። ከዳባት በሌሊት ተነስተን አምባ ጊዮርጊስ እናድራለን። በማግሥቱ ጎንደር ነን።»

«ሁለት ቀን ማለት ነው።»

«ሁለት ቀን በደህናው ነው። በቅሎ ከታመመች ሦስት። ክረምት ከሆነ አትጠይቅ።» ጥቂት ዝም አሉና፣ «አሁን በሁለት ሰዓት እንደርሳለን፤ ያኔ ግን አምባ ጊዮርጊስ የምናውቀው ሰው ነበረን። አሁን ማንን አውቃለሁ እዚያ?» አሉ።

ሚኒባሱ በዚያው ቅጽበት አምባ ጊዮርጊስን እያለፈ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ ሹፌሩ አልቆመም። አዛውንቱ ያነሱት ነገር ለእኔ ከኪሎ ሜትሩ የበለጠ ተሰማኝ። መንገድ ሲያጥር ማደሪያው ይሰረዛል፣ ማደሪያው ሲሰረዝ የሚያሳድረው ሰው ይሰረዛል። ይህ ግን የእኔ የከተሜው ቁጭት ነው፤ የራጅ ፊልም የያዘችው ሴት አምባ ጊዮርጊስ ማደር እንደማትፈልግ አውቃለሁ።

ዳባት ደረስን። ሴትየዋም አዛውንቱም ወረዱ። ዳባት ለብዙ መንገደኛ የሚታለፍ ከተማ ነው፤ ለሕክምና ተመራማሪዎች ግን ስሙ በሰፊው የሚታወቅ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በወረዳው ያሉ ቤተሰቦችን በየጊዜው እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለው። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ለተመሠረተ ጥናት ከቤት እስከ ጤና ተቋም ያለው ርቀት ቀላል ነገር አይደለም፤ ማን የት እንደወለደች፣ ማን ሳይታከም እንደቀረ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይጠናል።

ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለውን፣ ለመሳቅ ያህል፣ በአውሮፕላን ሒሳብ አሰላሁት። በቀጥታ መስመር 23 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በጄት ፍጥነት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አስተናጋጇ ቀበቶ እሰሩ ብላ ሳትጨርስ አውሮፕላኑ ደባርቅን አልፎ ከሊማሊሞ ገደል በላይ ይሆናል። ወቅን ላይ ቆመን አንድ በግ ጣሪያ ላይ ተጫነ፤ በጉ ብቻ ከሁለት ደቂቃ በላይ ወሰደ።

ደባርቅ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው፤ የፓርኩን መግቢያ የሚከፍል፣ ስካውት የሚይዝ፣ በቅሎ የሚከራይ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጣ። ከተማዋ አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከጂንካና ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ እዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ይገኛል። አንዱ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሦስት ቀን እንደሚፈጅበት ነገረኝ። አውሮፕላን ቢሳፈርስ? «ብሩ ካለ እኮ ሁለት ቀን ይሆናል» አለና ሳቀ።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ አገሩ በድንገት ያልቃል። ሊማሊሞ ነው። ሜዳው ከእግር ሥር ተቆርጦ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወድቃል፤ መንገዱ በገደሉ ፊት ላይ እየተጠመጠመ ይወርዳል። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ከወረሩን በኋላ ያስገነቡት ነው። ዛሪማ በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ እዚህ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ቀጥታ መስመር የሚለው ቃል ምን እንደሚጠቅም ግራ ይገባዋል።

ይኸው ገደል ጣሊያኖችንም መልሶ ጠቅሟቸዋል። አዲስ አበባ ነፃ ወጥታ ንጉሡ ከገቡ ከወራት በኋላ፣ ከደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ወታደሮች ተከብቦም እጁን አልሰጠም ነበር። የሰጠው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው። ጎንደር ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ በኅዳር ተያዘች። እኔ ከሰዓት በኋላ የጨረስኩት 100 ኪሎ ሜትር በዚያ ዘመን ሁለት ወር ነበር።

ከዚያም ወደኋላ ቢሄዱ ጄምስ ብሩስ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1769 ከምጽዋ ተነስቶ፣ አድዋ ላይ ሰንብቶ፣ ይህን የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። ሦስት ወር። ከምጽዋ እስከ ጎንደር ያለው ቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ እስከ አዘዞ ካለው እጅግም አይለይም። እኔ ጋሪ እየተገፋ ሻይ የጠጣሁበትን ርቀት ብሩስ ኳድራንት የተባለውን ከባድ የኮከብ ከፍታ መለኪያ እያሸከመ ነው የተጓዘው። ለመለኪያው ያን ያህል የደከመው የደረሰበት ቦታ በምድር ላይ በትክክል የት እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጣው አንቷን ዳባዲ ይበልጥ ይገርመኛል። ፈረንሳዊው ከእ.ኤ.አ. 1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያን ሲዞር፣ ከአንዱ ተራራ ጫፍ ሆኖ ሌሎቹን ተራሮች በቴዎዶላይት እያነጣጠረ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ይመዘግብ ነበር። ውኃ አፍልቶ በሚፈላበት የሙቀት መጠን ከፍታን ይገምታል። ከማዕዘኖቹ ተነስቶ ርቀትን አሰላ፤ ካርታም ሠራ። አውሮፕላን ከመፈጠሩ በፊት የአውሮፕላኑን ርቀት፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ባዶ አየር የለካው እሱ ነው። ግን መሣሪያውን የተከለበትን ጫፍ በእግሩ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ስልኩን ነክቶ ርቀት የሚያሰላ ሰው ቁጥሩን ያገኛል፤ ዳገቱን አያገኝም።

ዳገቱ የት እንዳለ ለማየት ቧሂት ተራራ ላይ መቆም ይበቃል። ከሳንቃበርና ከጊች አልፈው ቸነቅ ሲደርሱ፣ ከዚያም ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያዩ ሽቅብ ሲወጡ፣ ከ4200 ሜትር ከፍታ ላይ ራስ ደጀን ፊት ለፊት ይታያል። 4550 ሜትር፣ የአገሪቱ ቁንጮ። ጥርት ባለ ጠዋት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ነው የሚመስለው። ቀጥታው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኪው 400 ሁለት ደቂቃ። ለእግረኛ ግን መካከል ላይ የመሸሃ ወንዝ አለ። ከ4200 ወደ 2800 ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አምቢቆ አድሮ፣ በማግሥቱ ሌሊት ተነስቶ ሽቅብ፤ ከወንዙ እስከ ጫፉ ሲደመር 1700 ሜትር ገደማ። አብሮኝ የነበረው ስካውት ክላሹን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዘዋወረ «ዓይን ይቸኩላል፣ እግር ያውቃል» አለኝ። የራሱ አባባል ይሁን የአገሩ አልጠየቅሁትም። በላያችን አጥንት ሰባሪው አሞራ ያንዣብብ ነበር። እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ከገደሉ ሥር የሚነሳውን ሞቃት አየር ፈልጎ ደጋግሞ ሲዞር ቆይቶ ነው ወደ ማዶ የተሻገረው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሰላም ጊዜ ሒሳብ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጎንደርና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኮሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ሊማሊሞ ሲቀርብ የአዲ አርቃይና የዛሪማ ሰው ደባርቅ ተጠለለ፤ ዳባት አጠገብ ባለችው ጭና ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የትግራዩ ጦርነት ሲቆም ሌላው ተከተለ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል።

በዚህ መካከል ርቀት ምን እንደሚሆን ለማየት አክሱምን ልውሰድ። ከደባርቅ አክሱም በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሊማሊሞ ወርዶ፣ በአዲ አርቃይና በማይ ፀብሪ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ የሚገባ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ለጽዮን ማርያም በዓል ደባርቄው በአውቶቡስ የሚሄድበት። በአውሮፕላንም ቢሆን የቱሪስቱ መስመር ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ያገናኝ ነበር። በጦርነቱ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም ተጎድቶ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ አልጀመረም። ማረፊያው ከተከፈተ በኋላ በሊማሊሞ መውረድ የማይደፍር የደባርቅ ሰው አክሱም ላለ ዘመዱ ለቅሶ ልድረስ ቢል፣ በመኪና ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ወርዶ ጎንደር፣ ከዚያ 420 በርሮ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሶ 570 ገደማ በርሮ አክሱም ይገባል። ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ። ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ቢያይ፣ አየሩ ከጠራለት፣ የተነሳበትን ተራራ በሩቁ ሊያየው ይችላል።

በቅርቡ ዳባት ላለ ወዳጄ ደወልኩ። በዚያ በጥቅምቱ ጉዞ የተዋወቅሁት መምህር ነው። እንደገና መምጣት እንደምፈልግ ነገርኩት።

«በአውሮፕላን ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጎንደር ድረስ።»

«እሱማ አንድ ሰዓት ነው፣ ምን አለው! ከጎንደር ወዲህ ያለውን ግን እኔ እነግርሃለሁ። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ደውል። ጎንደር ስትወርድም ደውል። መናኸሪያ ገብተህ መኪና ካገኘህ ከመሳፈርህ በፊት እንደገና ደውል።»

«ኔትወርክ ባይኖርስ?»

«ባይኖር ሹፌሮቹን ጠይቃቸው። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ የሚጭኑ ከሆነ፣ እዚያ ድረስ ና።»